የጀርባ አጥንት ራጅ ወረቀት ምን ይላል?

(ይህ ጽሑፍ በማኅበረሰቡ አዳራሽ ለወላጆች ያደረግነው ንግግር ነው። በዕለቱ መገኘት ያልቻሉ በርካታ ነዋሪዎች ስለጠየቁን በዜና መጽሔታችን እንዲወጣ ሰጥተናል። ጥቂት ቦታዎችን አሳጥረናል።)



ይህን ፀሐይ ችላችሁ፣ የውኃ ወረፋችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ እናመሰግናለን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የኅብረተሰብ ጤና ሠራተኞችና አስተርጓሚዎች ነን። ሥራችን የሐኪሙን ቃል ለእናንተ፣ የእናንተን ቃል ለሐኪሙ ማድረስ ነው። ዛሬ እንድንጠራችሁ ያደረገን ግን ማድረስ የሚገባንን ቃል በትክክል ሳናደርስ መቅረታችን ነው። ስለዚህ ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን።

ከካምፓችን አንዲት እናት የ12 ዓመት ልጃቸውን ፀጉር ሲያጥቡ፣ ልጅቱ ሳፋው ላይ ጎንበስ ባለችበት፣ የቀኝ ጀርባዋ ከግራው ከፍ ብሎ ያያሉ። ወደ ክሊኒክ ይዘዋት መጡ። ሪፈራል ተጻፈላት፣ ራጅ ተነሣች፣ ውጤቱም በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣ። ከእኛ አንዱ ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች ቃኘና “ሚልድ” የምትለዋን ቃል አገኘ። “ትንሽ ጎበጥ ብላለች እንጂ ምንም አይደለም፣ አይዞዎት” አላቸው። እናቲቱም “ተመስገን” ብለው ወረቀቱን ከራሽን ካርዱ ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። በወረቀቱ ግርጌ “በ4 ወር ውስጥ ድጋሚ ራጅ ትነሣ” የሚል መስመር ነበረበት። ያንን ማንም አላነበበላቸውም።

ልጅቱ ተመልሳ የመጣችው በ11ኛው ወር ነው። የመጀመሪያው ወረቀት 24 ዲግሪ ይል ነበር። ሁለተኛው 36 አለ። ያ አስተርጓሚ ዛሬም አብሮን ተቀምጧል። ይህን እንድንናገር የፈቀደው ራሱ ነው፤ እናቲቱም ፈቅደዋል። ደግሞም ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። እውነቱን ለመናገር በዚያን ቀን ወረቀቱ ለማናችንም ቢሰጥ ያንኑ ነበር የምንለው።

ከዚያ በኋላ ተቀምጠን እነዚህን ወረቀቶች ቃል በቃል ተማርናቸው። ክሊኒካል ኦፊሰሩም ሳይሰለች አስተማረን። የተማርነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ወረቀቱ አሠራር። ራጁን የሚያነሣው አንድ ሰው ነው፤ ፊልሙን አይቶ የሚጽፈው ሌላ ሐኪም ነው። ይህ ሁለተኛው ሐኪም ብዙ ጊዜ ልጃችሁን በዓይኑ አላየም። ጥላውን ብቻ ነው ያየው። ስለዚህ ወረቀቱ ከመጨረሻው አካባቢ “ክሊኒካል ኮሪሌሽን” የሚል ነገር ሲጽፍ፣ “እኔ ያየሁት ጥላውን ነው፣ ሰውየውን የሚያየው ሐኪም ከዚህ ጋር ያመዛዝነው” ማለቱ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ሐኪሙ የደበቀው ነገር ያለ ይመስለዋል። የለም።

ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው “ፋይንዲንግስ” ይባላል፤ የታየው ሁሉ፣ ጤነኛውም ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ይዘረዘርበታል። ሁለተኛው “ኢምፕሬሽን” ወይም “ኮንክሉዥን” ይባላል፤ አጭር ነው፤ የሐኪሙ መደምደሚያ ያለው እዚያ ነው። አስተርጓሚ ስታገኙ መጀመሪያ ይህን ታችኛውን ክፍል እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። ቀጠሮ ካለ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

በላይኛው ክፍል ሰውን የሚያስደነግጡ ቃላት ይበዛሉ። አንድ አባት ከልጃቸው ወረቀት ላይ “ፍራክቸር” እና “ዲስትራክሽን” የሚሉ ቃላት በመዝገበ ቃላት ፈልገው ሌሊቱን ሳይተኙ አደሩ። “ስብራት” እና “መፍረስ” ማለት ናቸውና እውነታቸውን ነው። ጠዋት ይዘውት መጡ። ዓረፍተ ነገሩ የሚጀምረው “ኖ” በሚል ቃል ነበር። ስብራት የለም፣ የፈረሰ አጥንት የለም ማለት ነው። ሐኪሞች ፈልገው ያጡትንም ይጽፋሉ፤ ስለዚህ ከሚያስፈራው ቃል በፊት “ኖ” መኖር አለመኖሩን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። “አንሪማርኬብል” የሚባልም አለ። አንድ ተማሪ ለአያቱ “የቀረው አካልዎ ዋጋ የለውም ይላል” ብሎ ተርጉሞላቸው ነበር። ትርጉሙ የሚነገር ጉድለት አልተገኘበትም፣ ደህና ነው ማለት ነው። “ኢንታክት” ደግሞ ያልተነካ፣ ሙሉ የሆነ ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ስታዩ ደስ ይበላችሁ።

አሁን ወደ አጥንቱ እንምጣ። አከርካሪያችን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በተደራረቡ ትንንሽ አጥንቶች የተሠራ ነው። ከአንገት 7፣ ከደረት 12፣ ከወገብ 5 አሉ። ከዚያ በታች ያሉት ተጋጥመው ከዳሌ ጋር ተያይዘዋል። በወረቀቱ ላይ የአንገቱ ክፍል “ሰርቪካል” ይባልና በእንግሊዝኛው ፊደል “ሲ” ይመለከታል። የደረቱ “ቶራሲክ” ነው፤ ፊደሉ “ቲ” ነው። የወገቡ “ላምባር” ነው፤ ፊደሉ “ኤል” ነው። ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች ይቆጠራል። ስለዚህ “ቲ 8” ማለት ከደረት አጥንቶች ስምንተኛው ነው። የበሽታ ስም አይደለም፤ የቤት ቁጥር ነው። ብሎክ እና ዞን እንደምንለው ያለ አድራሻ ነው።

ከፊት ወይም ከኋላ ስናየው አከርካሪ ቀጥ ማለት አለበት። ከጎን ስናየው ግን ጤነኛውም ቢሆን ጎበጥ ሰርጎድ ይላል፤ ደረት ላይ ወደ ኋላ፣ ወገብ ላይ ወደ ፊት። “ስኮሊዮሲስ” የሚባለው ወደ ጎን መጣመሙ ነው። ስንጣመም ደግሞ አጥንቶቹ እንደሚጨመቅ ጨርቅ በራሳቸው ዙሪያ ጠምዘዝ ይላሉ፤ ይህ “ሮቴሽን” ይባላል። ያቺ እናት ሳፋው አጠገብ ያዩት ከፍታ የዚህ ጥምዘዛ ውጤት ነው። የጎድን አጥንቶች ከአከርካሪው ጋር አብረው ስለሚዞሩ በአንድ በኩል ወደ ኋላ ይወጣሉ። እግረ መንገዳችንን፣ ሐኪሞችም የሚመረምሩት በዚሁ መንገድ ነው። ልጁን እግሩን ገጥሞ፣ ሁለቱን መዳፍ አገናኝቶ ወደ ፊት ጎንበስ እንዲል ያደርጉና ከኋላው ሆነው ያያሉ። እናንተም ቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ገንዘብ አይጠይቅም።

“ዴክስትሮስኮሊዮሲስ” የሚል ረጅም ቃል ካያችሁ ጥመቱ ወደ ቀኝ ወጥቷል ማለት ነው። “ሌቮስኮሊዮሲስ” ወደ ግራ ነው። “ኤፔክስ” ከሁሉም ይበልጥ ከመስመር የወጣው አጥንት ነው። በጉርምስና ዕድሜ በሚመጣው ዓይነት፣ የደረቱ ጥመት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ነው። ደረት ላይ ወደ ግራ የወጣ ሲሆን ሐኪሞች ነርቭን ይበልጥ ሊመረምሩ ይፈልጋሉ። ለምን ተጨማሪ ምርመራ እንደታዘዘ ግራ የገባችሁ ቤተሰቦች ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ፊልሙን ራሳችሁ ብርሃን ላይ ይዛችሁ ስትመለከቱ ጠርዙ ላይ “አር” ወይም “ኤል” የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ፤ ቀኝና ግራ የሚለየው በእሷ ነው። የጀርባ ፊልም ብዙ ጊዜ ሰውየውን ከኋላ እንደምናየው ተደርጎ፣ የደረት ፊልም ደግሞ ፊት ለፊት እንደቆመ ተደርጎ ስለሚሰቀል በግምት መሄድ ያሳስታል።

ከሁሉም በላይ ልንቆይበት የምንፈልገው ቁጥሩ ላይ ነው። “ኮብ አንግል” ይባላል። ኮብ የሰው ስም ነው፤ ጆን ኮብ የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው አለካክ ነው። ከጥመቱ በላይኛው ጫፍ እጅግ ያዘመመውን አጥንት ይፈልጉና በላዩ መስመር ያሰምራሉ። በታችኛው ጫፍ እጅግ ያዘመመውን ፈልገው በሥሩ ሌላ መስመር ያሰምራሉ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ማዕዘን ነው የሚለካው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በፕሮትራክተር የሚለኩት ዓይነት ነው። ዲግሪ ሲባል አንዳንዶቻችን የሙቀት መለኪያ፣ አንዳንዶቻችን የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ይመስለናል። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም “የእኛ ልጅ 24 ዲግሪ አላት፣ ማን ያህላታል” ብለው አስቀውናል። ትኩሳት አይደለም፣ ከመቶም አይደለም፤ ማዕዘን ነው።

ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ጥመት ስኮሊዮሲስ ተብሎ አይጠራም። ከ10 እስከ 25 ገደማ ያለውን “ሚልድ” ይሉታል። ከዚያ በላይ እስከ 40 ገደማ “ሞደሬት” ነው። ከዚያ ያለፈው “ሲቪር” ነው። በዕድገት ላይ ባለ ልጅ ከ25 ገደማ ሲያልፍ ስለ ድጋፍ ይነጋገራሉ፤ ከ45 እና ከ50 ሲያልፍ ስለ ቀዶ ሕክምና ይነጋገራሉ።

እንግዲህ የእኛ ስሕተት የት ላይ ነበር? “ሚልድ” የሚለው ቃል በዚያን ዕለት የተነሣው ፊልም ላይ ያለውን መጠን ይናገራል እንጂ ነገ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ነገን የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው፤ እሱም በዚያው ወረቀት ላይ፣ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ፣ “ሪሰር 0” ተብሎ ተጽፎ ነበር። ዜሮ ስላለ ምንም የለም ብለን አለፍነው።

ሪሰርም የሰው ስም ነው። ጆሴፍ ሪሰር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ምልክት ነው። በዳሌ አጥንት የላይኛው ጠርዝ ላይ ልጆች ወደ ዕድገታቸው ማብቂያ ሲቃረቡ አዲስ አጥንት እንደ ክዳን እየተጋገረ ይሄዳል። ክዳኑ ገና ካልታየ 0 ነው። ቀስ በቀስ እየሸፈነ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይሆናል። ከዳሌው ጋር ፈጽሞ ሲጋጠም 5 ነው፤ ዕድገት አብቅቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሪሰር 0 ማለት “ምንም የለም” ሳይሆን “ገና ብዙ ታድጋለች” ማለት ነው። በሌላ ነገር ሁሉ ልጅ ብዙ ታድጋለች ሲባል ደስ ይላል። እዚህ ላይ ግን ጥመቱ የሚብሰው አጥንቱ በፍጥነት በሚረዝምበት ወራት ነው።

ይህን በቁጥር ያሳዩ ሐኪሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ700 በላይ ሕክምና ያልጀመሩ ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ጥመታቸው ከ20 እስከ 29 ዲግሪ ሆኖ ሪሰር 0 ወይም 1 ከነበሩት መካከል 68 በመቶው ላይ ጥመቱ ብሷል። ያው ዲግሪ ኖሯቸው ሪሰር 2፣ 3 ወይም 4 ከነበሩት መካከል ግን የባሰባቸው 23 በመቶ ብቻ ናቸው። አንድ ዓይነት ዲግሪ፣ አንድ ዓይነት “ሚልድ” የሚል ቃል፤ ነገር ግን አንደኛዋ ልጅ በጥብቅ መታየት አለባት፣ ሁለተኛዋ ይበልጥ ተስፋ አላት። የእኛ ልጅ 24 ዲግሪና ሪሰር 0 ነበረች። “ምንም አይደለም” የሚባልላት ልጅ አልነበረችም።

እናቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናፍር እንጨምር። ሐኪሙ ልጅቱ የወር አበባ አይታ እንደሆነና መቼ እንዳየች ሲጠይቅ ክፉ አስቦ አይደለም። ሴት ልጅ እጅግ በፍጥነት የምትረዝመው ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ከሪሰር ጋር አስተያይቶ ምን ያህል ዕድገት እንደቀራት ለመገመት ነው። በወንድ አስተርጓሚ ፊት መናገር የሚከብዳችሁ ከሆነ ሴት አስተርጓሚ ይሰጠን በሉ። አሉን።

ስለ ማወዳደርም ልንናገር ይገባል። ሁለት ጎበዝ ሐኪሞች አንድን ፊልም ቢለኩ እስከ 5 ዲግሪ ገደማ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ባለፈው 22 የነበረ ዘንድሮ 25 ቢሆን የግድ ብሷል ማለት አይደለም። ከ24 ወደ 36 ግን በመለኪያ ስሕተት አይመጣም። ሐኪሙ ይህን ሊፈርድ የሚችለው የድሮው ፊልም በእጁ ካለ ነው። የድሮውን ፊልም ፍራሽ ሥር አታስቀምጡት፤ ይታጠፋል። ቆርቆሮው ሥር አታንጠልጥሉት፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል። በፖስታው ውስጥ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ፊልም ሳይሆን ሲዲ ከተሰጣችሁም እንዲሁ ጠብቁት፤ ወረቀቱን ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ሁለቱም ራጅ ቆሞ የተነሣ መሆኑንም ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ “ኢሬክት” ወይም “ስታንዲንግ” ይላል። ተኝቶ የተነሣ ፊልም ጥመቱን አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ አንዱን ቆሞ ሌላውን ተኝቶ ካነሡት ማወዳደሩ ያሳስታል።

“ፕሮግረሲቭ” የሚል ቃል ሲነበብላቸው አንድ የዕድሜ ባለጠጋ ፈገግ አሉ። በእኛ ዘመን ተራማጅ ተብሎ መጠራት ሹመት ያስገኝ ነበር አሉ። እዚህ ግን እየገፋ፣ እየባሰ የሚሄድ ማለት ነው። “ስቴብል” የሚለው ነው ደጉ፤ ባለበት ቆሟል።

“ኢዲዮፓቲክ” የሚለው ቃል ከሁሉ ይበልጥ ቤት የሚያፈርስ ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱ ያልታወቀ ማለት ነው። ከስኮሊዮሲስ ሁሉ አብዛኛው፣ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል፣ ከዚህ ወገን ነው። ምክንያቱ አልታወቀም ሲባል ግን እኛ ራሳችን ምክንያት እንፈልግለታለን። ጄሪካን አሸክመሻት ነው፣ ደብተር በአንድ ትከሻ ይዛ ነው፣ መሬት ላይ አስተኝተናት ነው፣ በመንገድ ላይ ስንሰደድ አዝለናት ነው፣ የሰው ዓይን ነው እየተባለ ባልና ሚስት ይካሰሳሉ። ውኃ መሸከም፣ የአተኛኘት ሁኔታ፣ የደብተር ቦርሳ ይህን ዓይነቱን ጥመት እንደሚያመጡ የተረጋገጠ ነገር የለም። በቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ ግን ይታወቃል፤ ስለዚህ አንዷ ልጅ ከተገኘባት እኅትና ወንድሞቿንም ጎንበስ አድርጋችሁ እዩአቸው። ከትንሽ ጥመት ወንድና ሴት እኩል ገደማ ናቸው፤ ወደ ትልልቁ ስንሄድ ሴቶች እጅግ ይበዛሉ። ልጅቱን ከሩጫና ከኳስ ጨዋታ ማስቀረትም አያስፈልግም። ለወደፊት ትዳሯና መውለዷም አብዛኞቹ እንደማንኛዋም ሴት ያረግዛሉ፣ ይወልዳሉ። ነጠላ አልብሶ መደበቅ የሚጎዳው ክትትሏን ነው።

ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። “ኮንጄኒታል” ሲል ከማኅፀን ጀምሮ አጥንቱ ሲሠራ የተሳሳተ ነው፤ “ሄሚቨርቴብራ” ማለትም ግማሹ ብቻ የተሠራ አጥንት ማለት ነው። “ኒውሮማስኩላር” ሲል ፖሊዮን በመሰለ የነርቭና የጡንቻ ሕመም የመጣ ነው። በአዛውንቶች ወረቀት ላይ “ዲጄኔሬቲቭ”፣ “ስፖንዲሎሲስ”፣ “ኦስቲዮፋይት” የሚሉት በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የመገጣጠሚያ ማርጀት ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር ግን በዚህ አካባቢ ለምንኖር ሁሉ ከስኮሊዮሲስም ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አከርካሪንም ይይዛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 ስለ ጻፈበት እስከ ዛሬ “ፖትስ ዲዚዝ” ይባላል። በዚህ ጊዜ ጀርባው ወደ ጎን ከመጣመም ይልቅ በአንድ ቦታ ላይ እንደ ጉብታ ወደ ኋላ ሹል ብሎ ይወጣል። በወረቀቱ ላይ “ጊበስ” ወይም “ካይፎሲስ”፣ “የዲስክ ስፔስ” መጥበብ፣ “ፓራስፓይናል” እብጠት የሚሉ ቃላት አብረው ካሉና “ኖ” ካልቀደማቸው፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ። ሌሊት የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ማታ ማታ ማላብ፣ መክሳት ካለም እንዲሁ። እግር ከደከመ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ በሌሊትም ቢሆን ኑ። ይህ በሽታ መድኃኒት አለው፤ በኬንያ የቲቢ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። ለብዙ ወራት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ቶሎ ከተጀመረ እግር ሳይሰንፍ ይድናል።

ወጌሻዎቻችንን እናከብራለን። የወለቀ ትከሻ የመለሱለት ሰው በመካከላችን አለ። ነገር ግን በቲቢ የተበላ አከርካሪ ሲታሽና ሲጎተት ነርቩን ሊጫንና ሰውየውን ከወገብ በታች ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ምን እንደሆነ በራጅ ሳይታወቅ ማንም የልጃችሁን ጀርባ እንዳይጎትት።

ደግሞ በየሰፈሩ የሚነገር ወሬ አለ፤ ይህ ወረቀት ወደ ሦስተኛ አገር ያሳልፋል የሚል። ዩኤንኤችሲአር ለመልሶ ሠፈራ ከሚያያቸው ምክንያቶች አንዱ የሕክምና ፍላጎት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የራጅ ወረቀት ራሱ ማመልከቻ አይደለም። አንዳንዶች ወረቀቱ ላይ ያለው ዲግሪ ከፍ እንዲል ሲመኙ ሰምተናል። ይህን የሚመኝ ሰው 60 ዲግሪ የደረሰ ልጅ ደረጃ ሲወጣ እንዴት እንደሚተነፍስ ያላየ ነው። ሌሎች ደግሞ ጉዳያቸው እንዳይበላሽ ብለው ድጋፉን አላስለበሱም። እባካችሁ።

ስለ ድጋፉ፣ “ብሬስ” ስለሚባለው፣ ጥቂት እንበል። ከፕላስቲክ በሰውነት ልክ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በአሜሪካና በካናዳ የተደረገ ጥናት ውጤት ተነግሮናል። ድጋፍ ከለበሱት ልጆች 72 በመቶው ዕድገታቸውን ሲጨርሱ ጥመታቸው 50 ዲግሪ አልደረሰም። ካልለበሱት ግን በዚህ የተሳካላቸው 48 በመቶ ናቸው። በቀን 13 ሰዓት ያህልና ከዚያ በላይ የለበሱት ደግሞ ከመቶ 90 እና ከዚያ በላይ ተሳክቶላቸዋል። በሌላ አነጋገር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ድጋፍ አይሠራም። ድጋፉ የተጣመመውን ቀጥ አያደርግም፤ እንዳይብስ ይይዛል። በዚህ ሙቀት መልበሱ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ከሥሩ ስፌቱ የማይቆረቁር የጥጥ ካናቴራ ይደረግ፤ ካናቴራው በየቀኑ ይታጠብ፤ ቆዳው ቀልቶ የማይለቅ ከሆነ ሳትጠብቁ አሳዩን። ልጅ ስታድግ ድጋፉ ይጠብባታል፤ ያን ጊዜ መቀየር እንጂ ማውለቅ አይደለም።

ዕድገታቸውን የጨረሱና ከ30 ዲግሪ በታች ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ጥመታቸው አይጨምርም። ከ50 በላይ የሆነ የደረት ጥመት ግን ከዕድገት በኋላም በዓመት 1 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ትልልቆቹም ቢሆኑ ወረቀታቸውን መጣል የለባቸውም።

ራጅ በየወሩ አንሡልን የሚሉም አሉ። ጨረር ነውና ያለ ምክንያት አይደጋገምም። በዕድገት ላይ ላሉ ልጆች ብዙ ጊዜ በየ4 ወይም በየ6 ወሩ ይበቃል። እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠራጠር ሴት ከመነሣቷ በፊት ለባለሙያው ትንገር።

እኛም አሠራራችንን ለውጠናል። ከእንግዲህ ማንም አስተርጓሚ የራጅ ወረቀት “ምንም አይደለም” በሚል ቃል አይመልስም። በወረቀቱ ጀርባ ላይ በአማርኛ አራት ነገር እንጽፍላችኋለን፦ ዲግሪው ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ፣ ሪሰሩ ስንት እንደሆነ፣ የሚቀጥለው ራጅ በየትኛው ወር እንደሆነ። ያልተጻፈላችሁ ካለ መልሱልን። ሪሰሩ በሪፖርቱ ላይ ካልተገለጸም ክሊኒካል ኦፊሰሩን እንጠይቅላችኋለን።

ከአዳራሹ ብዙ ጥያቄ ቀርቦልን ነበር፤ ቦታ ስለማይበቃ አንዱን ብቻ እዚህ እናስፍር። አንዲት ወይዘሮ “ልጅቱ አሁን እንዴት ናት?” ብለው ጠየቁ። ልጅቱ ከእናቷ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ስለነበር ራሷ እንድትመልስ ጠየቅናት። በሁለተኛው ፊልም ሪሰሯ 1 ነበር፤ ለድጋፍ ጊዜው አላለፈባትም ተብሎ ናይሮቢ ተልካ ተለክቶ ተሠርቶላታል። ብድግ ብላ ሌሊቱንና ከትምህርት ቤት መልስ እንደምትለብሰው፣ ማታ ማታ እንደሚሞቃት፣ ቡና ለማፍላት ጎንበስ ስትል እንደሚያስቸግራት ተናገረች። የሚቀጥለው ራጇ በመጋቢት ነው።